አንድ ክፍያ፣ ሦስት ቀን

ጸሐፊዋ ጠዋት ቢሮውን ከፍታ ስትገባ ጋሽ ሳንቲም በጠረጴዛውና በብረት ካዝናው መሀል በጎኑ ተኝቶ አገኘችው። የወደቀ እስክሪብቶ የሚፈልግ መስሏት፣ «ተው ጋሽዬ፣ እኔ ላንሳልህ፤ ወገብህን ታውቀው የለ?» አለችው። እስክሪብቶውን ልትፈልግለት ጠጋ ስትል ከጭንቅላቱ ኋላ ምንጣፉ ላይ የደረቀውን ደም አየች። ጩኸቷ ምድር ቤት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ ተሰማ።

ሟቹ የሂሳብ ባለሙያ ነበር። ሥራው በግላቸው የሚሠሩ ሰዎችን የዓመት የግብር ማስታወቂያ ማዘጋጀት ነው። «ሳንቲም» የተባለው ከደንበኛው ገቢ አንዲት ሳንቲም እንድትደበቅ፣ ከደንበኛው ኪስም አንዲት ሳንቲም ያለ አግባብ እንድትወጣ ስለማይፈቅድ ነበር። በዚህ ጠባዩ የሚወዱት ጥቂቶች፣ የሚሸሹት ግን ብዙዎች ነበሩ።

ከምርመራ ክፍል የተላከችው ሴት ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ባልደረቦቿ «ድገሙልኝ» ይሏታል። የሰማችውን ሁሉ፣ በደንብ የገባትንም ቢሆን፣ «እስቲ ይድገሙልኝ» ትላለች። ሰው አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ሲያወራ ከሁለቱ በአንዱ ላይ አንድ ነገር ጥሎ ያልፋል ብላ ታምናለች።

«ከፊት ለፊት ተገፍቷል» አላት የፖሊሱ ሐኪም ከሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ። «የጨረሰው የካዝናው ጠርዝ ነው። ትናንት ማምሻውን ይመስለኛል። ደረቱ ላይ እዪ፤ ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ ተበጥሷል።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሸሚዙን ኪስ በእስክሪብቶ ጫፍ ገለጥ አደረገችው። የታጠፈ መነጽር አለበት። አንዱ መስታወት ተሰንጥቋል።

«መነጽሩን ሁልጊዜ ኪሱ ነው የሚከተው?» ብላ ጸሐፊዋን ጠየቀቻት።

«ሰው ሲያናግር ያወልቀዋል። 'ዓይን ለዓይን እንተያይ' ይላል።» ጸሐፊዋ አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። «ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ግን ያለ መነጽሩ እንኳን ቁጥሩን፣ ማያውን ራሱን አያየውም።»

ኮምፒውተሩ አልተዘጋም ነበር። ማያው ላይ የአንዲት ደንበኛ የግብር ማስታወቂያ ተከፍቷል። ሥራ፦ ትርጉም። ገቢ፦ በውጭ ምንዛሪ። ከክፍያዎቹ ሁሉ በሚበልጠው አንፃር የሰፈረው ቀን የወሩ ሃያ ሁለት ይላል።

«ይህን ማን ነው የሚሞላው?»

«ደንበኛው መጀመሪያ በራሱ እጅ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ጋሽዬ በዚህ ቀልድ አያውቅም። 'የራስህን ገቢ በራስህ እጅ ጻፍ፤ ነገ የምትጠየቀው አንተ ነህ' ይላል። ከዚያ እሱ አጣርቶ ኮምፒውተር ላይ ያስገባዋል። ደንበኛ እዚህ ጎኑ ነው የሚቀመጠው፤ አብረው እንዲያዩት።»

የደንበኛው ወንበር ግድግዳውን ተጠግቶ፣ የጸሐፊዋ ሹራብ ተደርቦበት ቆሟል። ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ግን ሌላ የላስቲክ ወንበር አለ።

«ይሄኛውስ?»

«የኮሪደሩ ነው። ትናንት ስወጣ እዚህ አልነበረም። ሹራቤም እንዳለ ነው ያለው፤ ማንም አልነካውም።»

መርማሪዋ መሳቢያውን ከፍታ በእጅ የተጻፈውን ረቂቅ አወጣችና ከማያው ጋር አስተያየችው። ትልቁ ክፍያ ማያው ላይ አንድ አምስተኛው ጎድሏል። ቀኑም አይገጥምም፤ ረቂቁ የወሩ ሦስት ነው የሚለው።

«ትናንት የመጨረሻዋ ደንበኛ እሷ ነበረች» አለች ጸሐፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ተርጓሚዋ። ተጣልተው ነው የተለያዩት። 'ዛሬውኑ ነው የማስገባው! ሁሉንም! አንድ ቀን አልጠብቅም!' እያለች ስትጮህ ኮሪደሩ ሁሉ ሰምቷል። በሩን ደርግማው ወጣች። ትንሽ ቆይቼ እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

በዚህ መሀል የሟቹ ሸሪክ ገባ። ቀይ ክራቫት አስሯል፤ ያደረበትን የቢራ ሽታ በሽቶ ሊሸፍነው ሞክሯል። አስከሬኑን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

«እኔ ስንት ጊዜ መከርኩት!» አለ። «ደንበኛ አታባር፣ ትንሽ ቀንስላቸው አልኩት። አንድ አምስተኛ ቢጎድል ማን ይሞታል?» ወዲያው የተናገረው ለራሱም ተሰማውና ክራቫቱን ማስተካከል ጀመረ።

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

«ምኑን?»

«ምን ያህል ቢጎድል ነው ያሉት?»

«አባባል ነው እኮ እትዬ! እኔ ትናንት ቢሊያርድ ቤት ነበርኩ። ተሸንፌ ነው የወጣሁት። ያሸነፈኝን ሰውዬ ጠይቁት፤ ስሜን እየጠራ ሲስቅ ነው ያመሸው።»

---

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ተርጓሚዋ ክንዶቿን አጣምራ ተቀምጣለች። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ፊቷ ያልፈረመችበት የእምነት ቃል ተቀምጧል። ከጎኗ አጎቷ፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ ብርድ ልብስና ምግብ ይዞላት መጥቷል። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ መሆኑን ለጣቢያው ሁሉ፣ ለበር ጠባቂው ሳይቀር ነግሯል።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ አዳመጠች።

«ልጄ፣ ስሚኝ» ይላል አጎት። «'ተናድጄ ገፋ አደረግኩት፣ ለመግደል አላሰብኩም' ብለሽ ፈርሚ። ጠበቃ አናግሬያለሁ። ቶሎ ትወጫለሽ። እናትሽን እኔ አለሁላት።»

«ያልነካሁትን ሰው?»

«ግትር አትሁኚ። ስምሽ ኮምፒውተሩ ላይ ተገኝቷል።»

«ጋሼ፣ የሠራሁትን አልደብቅም፣ ያልሠራሁትን አልፈርምም። ሁለቱም በስሜ ነው የሚመዘገቡት።»

አጎት ወደ መርማሪዋ ዞሮ እጁን ዘረጋ። «አዩልኝ? ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት።»

የክፍሉ አለቃ መርማሪዋን ኮሪደር ላይ ጠራት። ወፍራም፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው ነው።

«ግልጽ ጉዳይ ነው» አላት። «ልጅቷ ገቢዋን አሳንሳ ልታስገባ ፈለገች። ሽማግሌው እምቢ አለ። ገፋችው፤ ከዚያ ራሷ ቁጥሩን ቀነሰችው። ጠብ አለ፣ ምክንያት አለ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«የወንበሩን ነገር።»

«የምን ወንበር?»

«የላስቲኩን።»

«እኔ በወንበር ሰው አልፈታም። እስከ ነገ ቀትር ካላስፈረምሻት ዶሴውን ለሌላ እሰጠዋለሁ።»

«ለራስህ ስጠው» አለችው መርማሪዋ በለስላሳው ድምፅዋ። «አንተው ፈርምላት። እኔ ስሜን የማላምንበት ወረቀት ሥር አላኖርም።» ትታውም ወደ ክፍሉ ተመለሰች። አጎትን በትሕትና ወደ ውጭ ሸኘችና ከልጅቷ ፊት ተቀመጠች።

«ጠባችሁ በምን ነበር?»

«'ዛሬ አናስገባም' አለኝ። 'መጀመሪያ አንድ ሰው ልጠይቅ' አለኝ። ማንን ስለው አልነገረኝም። የመጨረሻው ቀን ነገ ነው፤ እኔ ደግሞ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ይህችን ቀን ስጠብቅ ነበር።»

«ግብር ለመክፈል?»

ተርጓሚዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «እርስዎም ይሳቁ፣ ሁሉም ስቋል። 'ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ ማን ያየዋል? ዝም ብለሽ ብዪ' ይሉኛል። ባንክ ብድር ስጠይቅ ግን 'ሥራ የላትም' ተባልኩ። ቤት ልከራይ ስሄድ አከራይዋ 'ሥራሽ ምንድን ነው?' ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ስድስት መጽሐፍ ተርጉሜ ሥራ የለኝም! የግል ሥራ ፈቃድ አወጣሁ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር አወጣሁ። ከዚህ በኋላ ማንም ተነሥቶ 'ሥራ የላትም' እንዲለኝ አልፈልግም።»

«ገንዘቡ በማን ሂሳብ ነበር የሚገባው?»

«በጋሼ፣ በአጎቴ። እኔ የውጭ ምንዛሪ የሚቀበል ሂሳብ አልነበረኝም፤ እሱ ለንግዱ አለው። እየመነዘረ በእጄ ይሰጠኝ ነበር።»

«ትልቁ ክፍያ የመጣው መቼ ነው?»

«የክፍያ መጠየቂያውን የላክሁት የወሩ ሦስት ነው፤ መጽሐፉን የጨረስኩ ዕለት። እናቴ ሆስፒታል የገባችውም በማግስቱ ስለሆነ አልረሳውም። እንደዚያው ጻፍኩ። ጋሽ ሳንቲም ግን ሳቀብኝ። 'ይህ አንቺ የደከምሽበት ቀን ነው። ግብር የሚያውቀው ገንዘቡ ባንክ የገባበትን ቀን ነው፤ ምንዛሪውም በዚያ ቀን ተመን ነው የሚሰላው' አለኝ። ከፋዩ ኩባንያ ማረጋገጫውን በቀጥታ ለእሱ እንዲልክ አስጻፈኝ።»

«ላኩ?»

«እንጃ። ለእኔ አልደረሰኝም።»

«ሙሉውን ነው ወይ የተቀበልሽው?»

«አይደለም። አንድ አምስተኛውን ባንኮቹ በመንገድ ቆርጠውታል ብሎኛል ጋሼ። እኔ ግን የጻፍኩት የጠየቅሁትን ሙሉውን ነው። ምን ያህል እንደተቆረጠ ከማረጋገጫው እናየዋለን ተባብለን ነበር።»

መርማሪዋ ብድግ አለች። ልጅቷ ከኋላዋ ጠራቻት።

«እትዬ! ነገ የማልፈታ ከሆነ ቅጹን እዚህ ያምጡልኝ። እስር ቤት ሆኖ ግብር ማሳወቅ የሚከለክል ሕግ ያለ አይመስለኝም።»

በር ላይ የነበረው ፖሊስ ሳቁን መያዝ አቃተው።

---

አጎት ግቢው ውስጥ ጥላ ይዞ ቆሟል። ለመርማሪዋ ከወንበሮቹ ንጹሑን መርጦ አቀረበላት።

«ሟቹን ያውቁት ነበር?»

«በስልክ ብቻ። ትናንት ደውሎ የሂሳብ ቁጥሬን ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ቢሮው የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም።»

«የልጅቷ ትልቁ ክፍያ የመጣው መቼ ነበር?»

የአጎት ፊት በራ። «እሱንማ እንዴት እረሳለሁ! እህቴ ከሆስፒታል የወጣች ዕለት ነዋ። ገንዘቡ እንደገባ ከባንክ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ በር ነው የበረርኩት። እዚያው ልጅቷን በእጇ አስጨበጥኳት። አለቀሰች።»

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

«እህቴ ከሆስፒታል የወጣች ዕለት። ከፈለጉ ዘበኞቹን ይጠይቁ፤ አይተውናል።»

«ባንኮቹ ቆርጠውበት ነበር አሉ?»

«ጅብ ናቸው እኮ!» አለ አጎት ራሱን እየነቀነቀ። «ምን ይደረጋል።»

መርማሪዋ አመሰገነችው። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች፤ ከመዝገብ ክፍሉ አንድ ነገር ብቻ ጠይቃ ተመለሰች። ማምሻውን ወደ ከፋዩ ኩባንያ መልእክት ላከች። መልሱ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሰ። ላኪው «ይህን ማረጋገጫ ከትናንት በስቲያ ጠዋት ለተርጓሚዋ የሂሳብ ባለሙያ ልከናል፤ በድጋሚ እነሆ» ይላል።

---

ከቀትር በፊት ሁሉም ጋሽ ሳንቲም ቢሮ ተሰበሰቡ። ምንጣፉ ተነሥቷል። ጸሐፊዋ ሹራቧን አቅፋ መስኮቱ ሥር ቆማለች። ሸሪኩ ዛሬ ክራቫት አላሰረም። ተርጓሚዋን ፖሊስ አጅቧት መጥቷል፤ አጎቷ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳርፏል። አለቃው ሰዓቱን ያያል።

«እዚህ ቢሮ ውስጥ የመጨረሻው ሥራ የተሠራው ጋሽ ሳንቲም ከሞተ በኋላ ነው» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «መነጽሩ ኪሱ ውስጥ ታጥፎ፣ ሲወድቅ አብሮት ተሰንጥቋል። ስለዚህ ሲገፋ ሰው እያናገረ ነበር፤ ኮምፒውተር ላይ አልነበረም። ግን የዚህች ልጅ የግብር ማስታወቂያ መጨረሻ የተነካው ጸሐፊዋ ወደ ቤቷ ከሄደች በኋላ መሆኑን የኛ የኮምፒውተር ባለሙያ አረጋግጧል። ማን ነካው?»

«እሷ ናታ!» አለ አለቃው።

«እሷ የት ነው የምትቀመጠው?»

አለቃው ወደ ጸሐፊዋ ተመለከተ።

«ጎኑ» አለች ጸሐፊዋ። «እዚህ። ሹራቤ የነበረበት ላይ።»

«ሹራቡ አልተነካም። ማታ የመጣው ሰው ከኮሪደሩ ወንበር ተስቦለት ፊት ለፊት ነው የተቀመጠው። ጋሽ ሳንቲም ደንበኛን ጎኑ ያስቀምጣል። ፊት ለፊት የሚያስቀምጠው የሚጠይቀውን ሰው ነው። ለልጅቷም 'አንድ ሰው ልጠይቅ' ብሏታል።»

«ጎበዝ» አለ ሸሪኩ ሳያስበው።

«እርስዎ ደግሞ» አለች ወደ እሱ ዞራ፣ «ወንበር አያስፈልግዎትም። ጸሐፊዋ እንደነገረችኝ ሁልጊዜ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ነው የሚቀመጡት።»

«አዎ፤ ሲሰድበኝ ነው የኖረው!»

«ቢሆንም ጠረጠርኩዎት። የጎደለው ልክ እርስዎ ያሉት አንድ አምስተኛ ነበር። ግብር ማሳነስ የሚወድ ሰው ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

ሸሪኩ እጆቹን ወደ ላይ አነሣ። «ቢሊያርድ ቤት—»

«ያሸነፈዎትን ሰው አግኝቼዋለሁ። እስካሁን እየሳቀ ነው። ግን እርስዎን ነጻ ያወጣዎት ቢሊያርዱ ብቻ አይደለም። ገንዘቡን የቀነሰው ሰው ቀኑንም ቀይሯል። ሃያ ሁለት ብሎ ጽፏል። በዚያ ሰሞን ዶላር እንዴት ነበር?»

«እየተወደደ ነዋ» አለ ሸሪኩ። ከዚያ ዓይኑ ፈጠጠ። «ቆይ! በሃያ ሁለቱ ተመን ከተሰላ ገቢዋ ይጨምራል። ግብሩም ይጨምርባታል! ይህን የጻፈው ደንቆሮ ማን ነው?»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ግብር ለማሳነስ የተነሣ ሰው ዶላር የተወደደበትን ቀን አይመርጥም። እርስዎም አይመርጡም፣ ልጅቷም አትመርጥም። ስለዚህ ያ ሰው የግብሩ ነገር አላሳሰበውም። ያሳሰበው አንድ ሰው ማያው ላይ እውነተኛውን ቀንና ገንዘብ እንዳያይ ነው።»

መርማሪዋ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች።

«የትልቁን ክፍያ ቀን ሁላችሁንም ጠይቄያለሁ። ይህች ልጅ 'የወሩ ሦስት' አለችኝ፤ የደከመችበት ቀን ነው። ጋሽ ሳንቲም ቢኖር ምን ይለኝ ነበር?»

«ባንክ የገባበትን» አለች ጸሐፊዋ።

«የኩባንያው ማረጋገጫ ይኸው። ገንዘቡ ባንክ የገባው የወሩ ዘጠኝ ነው። ሙሉው። ከመንገድ ላይ የተቆረጠ ነገር የለም።»

ተርጓሚዋ ቀና አለች። «ዘጠኝ?»

«ሃያ ሁለት ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ቁጥሩን ሳይጠራ ነገረኝ፤ ደስ ብሎት ነገረኝ። 'እህቴ ከሆስፒታል የወጣች ዕለት' አለኝ። ሆስፒታሉ ሄጄ ያ ዕለት የትኛው እንደሆነ ጠየቅሁ።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ለአንድ ክፍያ ሦስት ቀን ተነግሮኛል። ሠራተኛዋ የሥራዋን፣ የሂሳቡ ሰው የባንኩን፤ ሦስተኛው ግን ገንዘቡ ከእጁ የወጣበትን ነው ያስታወሰው። ገንዘቡ የእርስዎ መስሎ ስለሚታይዎት፣ 'መጣ' የሚሉት ከእርስዎ እጅ ሲወጣ ነው።»

አጎት ከተርጓሚዋ ትከሻ ላይ እጁን አነሣ።

«እኔም እኮ ያን ቀን አውቀዋለሁ» አለች ተርጓሚዋ በቀስታ። «የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ለምን እኔን አልጠረጠሩኝም?»

«አንቺ የራስሽን ጽሑፍ ለጋሽ ሳንቲም ሰጥተሻል። 'ሦስት' ብለሽ በእጅሽ ጽፈሽ፣ ሙሉውን ገንዘብ አስፍረሽ። ያንን የማያውቅ ሰው ነው አንቺን ለማሳመን ሃያ ሁለት ብሎ የሞላው። ስታዪው 'ልክ ነው፣ ያኔ ነው የተቀበልኩት፣ ይህን ያህል ነው' ብለሽ እንድታልፊው።»

አለቃው ሰዓቱን ማየት ተወ። አጎት ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ፣ ይህች ሴትዮ የምታወራው—»

«ዘጠኝ ላይ እናቴ ተኝታ ነበር» አለች ተርጓሚዋ። ድምፅዋ አልጨመረም፤ ሁሉም ግን ወደ እሷ ዞሩ። «የሆስፒታሉን ገንዘብ ያዥ ስለምናት አጠገቤ ቆመህ ነበር። 'ገንዘቡ አልመጣም፣ ታገሺ' አልከኝ። ኮምፒውተሬን ሸጥኩ። ቀጣዩን ሥራ በስልክ፣ በአውራ ጣቴ ነው የተረጎምኩት። ጣቴ ሲያብጥ በረዶ ገዝተህ ያመጣህልኝ አንተ ነህ!»

«ዶላሩ ይጨምር ነበር እኮ! ትንሽ ብንጠብቅ ለሁላችንም—»

«ለማን? የጨመረውን ሰጠኸኝ?»

አጎት የላስቲኩ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ የት እንደተቀመጠ ሲገባው መልሶ ተነሣ።

«ልገድለው አልመጣሁም» አለ ለመርማሪዋ። «ወረቀቱን ዘርግቶ ጠበቀኝ። 'ለልጅቷ ራስህ ንገራት፤ እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ' አለኝ። መነጽሩን አወልቆ ዓይኔን አየኝ። ገንዘብ ልሰጥህ ስለው ሳቀ። ሸሚዙን ያዝኩት። ያ ካዝና ... ካዝናውን አላየሁትም።»

«ከዚያ ማያው ላይ ያለውን ቀይረው፣ ወረቀቱን ይዘው ሄዱ።»

«አቃጠልኩት።»

«ከዚያም ለዚህች ልጅ 'ፈርሚ' አሏት።»

አጎት ወደ ተርጓሚዋ ዞረ። «እናትሽ ይህን ከሰማች ትሞታለች። ለእሷ ስትይ—»

«እናቴን እኔ አለሁላት» አለችው። የራሱን ቃል ነበር የመለሰችለት። «ጋሼ» ማለቷንም ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ተወች።

ፖሊሱ ከእሷ እጅ የፈታውን ካቴና እሱ እጅ ላይ አሰረው። ሸሪኩ ግድግዳውን ተደግፎ፣ «እኔ እኮ ቀንስላቸው ብዬ ስመክረው ለበጎ ብዬ ነው» አለ ለማንም ሳይሆን። ጸሐፊዋ ሹራቧን ለብሳ፣ «አንተ ዝም በል» አለችው።

ተርጓሚዋ የራሷን ረቂቅ ከመሳቢያው አወጣች።

«ግብር ቢሮው ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?»

---

መርማሪዋ በራሷ መኪና አደረሰቻት። የመጨረሻው ቀን ስለሆነ ሰልፉ ከደረጃው ወርዶ መንገዱን ይዟል። ከፊታቸው ያለ አናጺ እስክሪብቶ ይለምናል፤ ከኋላቸው ያለች ሴት በስልክ ባሏን ትሳደባለች። መርማሪዋ መታወቂያዋን አውጥታ ሰልፉን ልትጥስ ስትል ልጅቷ ክንዷን ያዘቻት።

«እንደ ሰዉ እንሰለፍ።»

መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ሠራተኛው በድካም ቀይ የሆነ ዓይኑን ቀና አደረገ። ቅጹን ተቀበላትና ማንበብ ጀመረ። ተርጓሚዋ ሰልፍ ላይ ቆማ፣ የመርማሪዋን ጀርባ ጠረጴዛ አድርጋ፣ በራሷ እጅ ነበር የሞላችው። ቀኑን ዘጠኝ ብላለች። ገንዘቡን ሙሉውን ጽፋለች።

«ያዘጋጀው ባለሙያ የሚለው ላይ የጻፍሽው ማን ነው?»

ሰፈሩ ሁሉ የማያውቀው የጋሽ ሳንቲም ሙሉ ስም ነበር። ጸሐፊዋን ጠይቃ ነው ያገኘችው።

«ከትናንት በስቲያ ሞቷል» አለች።

«የሞተ ሰውማ አይፈርምም እህቴ።»

«ፊርማው የኔ ነው። ያዘጋጀው እሱ ነው።»

ሠራተኛው ወደ መርማሪዋ አየ። እሷም «እስቲ ድገሚለት» አለች። ተርጓሚዋ ደገመችለት። ሠራተኛው ትከሻውን ነቅንቆ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደና ከቅጹ ጋር የተያያዘውን ማስታወሻ አነበበ። ማስታወሻው የጎደለውን ገንዘብ ማን እንደወሰደው ይናገራል። እስክሪብቶውን አኖረ።

«ይሄ አምስተኛ እጅሽ አልገባም እኮ። ተሰርቀሻል። ያልደረሰሽን ገንዘብ ግብር ለምን ትከፍያለሽ? ተከራከሪና ይቀነስልሽ። ሰው ሁሉ እንዲቀነስለት ነው እዚህ የሚመጣው።»

«የሠራው ማን ነው?»

«አንቺ።»

«ባንክ የገባው በማን ሥራ ነው?»

«ባንቺ አልኩሽ እኮ።»

«እንግዲያው ሙሉው የኔ ገቢ ነው። ግብሩን ከፍዬ ደረሰኙን ይዤ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። 'የኔ ነው፣ መንግሥትም ያውቀዋል' ብዬ አስመልሰዋለሁ። አንድ ሳንቲም አትቀንስ።»

ከኋላ ያለችው ሴት ስልኳን ከጆሮዋ አነሣች። አናጺው የተዋሰውን እስክሪብቶ እንደያዘ ዞረ። ሠራተኛው ልጅቷን ትንሽ አያት፤ ከዚያ ማኅተሙን ቀለም አስነክቶ ቅጹ ላይ መታው።

ደረሰኙን ሲሰጣት ሥራ ከሚለው ቃል አንፃር የሰፈረውን ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችውና መርማሪዋን፣ «ፍርድ ቤቱስ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?» አለቻት።